ቢግል ለኮንዶሚኒየም?

የልጅ ልጄ ቢግል የሚባል ቡችላ ካልተገዛልኝ ብሎ እንቅልፍ ነስቶናል። ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ከልጆች ጋር የሚስማማ ውሻ ነው፤ አልፈርድበትም። ግን እንግሊዝ አገር ጥንቸል ለማደን የተዳቀለ ዘር ነው። በመንጋ ሆኖ ዱካውን በአፍንጫው እየተከተለ፣ አዳኞቹ ከሩቅ እንዲሰሙት ድምፁን አርዝሞ ይጮኻል። እዚህ የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ቢዘጋበት ጎረቤት ይተኛል? ጆሮውም አየር ስለማያገኝ ቶሎ ያመዋል፤ በየሳምንቱ መታየት አለበት።

ልጄ «እማዬ ውሻ ትፈራለች» ትላለች። ጤና ጣቢያ ሳለሁ የስንቱን የተነከሰ ሕፃን ቁስል አጥቤአለሁ! ማንኛውም ቡችላ 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ። ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ድረሱ።