ለዘይት ፊልትሮ ተብሎ ዋስትና አይነፈግም

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ዋስትናው ያላለቀው መኪናዬ የኋላ መስኮቱ አልወርድም ሲል ወደ ሻጩ ጋራዥ ወሰድኩት። ተቀባዩ ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት ፊልትሮውን አየና «ይሄ የኛ አይደለም፤ ዋስትናው አይሸፍንህም» አለኝ። ፊልትሮና መስኮት ምን አገናኛቸው?

የአሜሪካ ሕግ ይህን በር ከዘጋው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግኑሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ፣ አምራቹ ዕቃውን በነፃ ካልሰጠ ወይም ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በቀር፣ ዋስትናውን በራሱ መለዋወጫ ላይ እንዳያስር ይከለክላል። በ2022 ኮሚሽኑ ሞተር ሳይክል አምራቹን ሃርሊ ዴቪድሰንን በዚሁ ጉዳይ ከሶ፣ ውሉን እንዲያስተካክል አድርጎታል።

የአምራቾቹ ስጋት ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ፎርጅድ ኤርባግ ሰው ይገድላል፤ ጥራት የሌለው የፍሬን ሸራም ዲስክ ይበላል። የተገጠመው ዕቃ ጉዳት ካደረሰ፣ ኩባንያው ለዚያ ጉዳት አልከፍልም ቢል አይፈረድበትም። ግን ማስረዳቱ የራሱ ፋንታ ነው። ፎርጅድ ዕቃንና በሌላ ፋብሪካ በአግባቡ የተሠራን ዕቃ አንድ ላይ መፈረጅም ደንበኛን ማስፈራራት እንጂ ጥንቃቄ አይደለም።

ወገኖቼ ሹፌሮች፣ ቀንና ማይል የተጻፈበትን የዘይት ቅየራ ደረሰኝ አትጣሉ። እምቢ ሲሏችሁም «ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ» በሉ። አፍ እንደልቡ የሚከለክለውን፣ እጅ ለመፈረም ያመነታል። አምራቾችም ለጋራዦቻቸው ሕጉን ያስተምሩ፤ ዋስትናው የተሸጠው ከመኪናው ጋር ነው፣ ዋጋውንም ከፍለናል።