አሸንፋለችና ትመርመር?

ሴት ልጅ ውድድር በሰፊ ልዩነት ስታሸንፍ ምን ትባላለች? እኔ የማውቀው «ጎበዝ!» ስትባል ነው። በአሜሪካዋ ዩታ ግዛት ግን «እውነት ሴት ናት?» የሚሉ ወላጆች ተገኙ።

ጉዳዩ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ልጆች ወላጆች አቤት አሉ። የግዛቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስፖርት ማኅበርም የአሸናፊዋ የትምህርት መዝገብ እስከ መዋዕለ ሕፃናት ድረስ እንዲታይ አደረገ። ምን ተገኘ? ልጅቷ ከመጀመሪያውም ሴት ናት። ይህ ሁሉ ሲሆን ለእሷም ሆነ ለቤተሰቧ ትንፍሽ ያለ የለም። የማኅበሩ ቃል አቀባይ «ይህች ልጅ ሴት አትመስልም» የሚል አቤቱታም እንደሚደርሳቸው ለሕግ አውጪዎች ተናግሯል።

ሴት መምሰል! ጎበዝ፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ጡንቻዋ የፈረጠመ ልጅ እኮ የስፖርት ውጤት ናት። በሠራችው ልክ ልትጠረጠር ነው ማለት ነው?

እንዳታጣምሙብኝ። የሴቶች ውድድር ለብቻው መኖር አለበት። ከጉርምስና በኋላ ወንዶች በሩጫ 10 በመቶ ገደማ ብልጫ አላቸው፤ ይህን መካድ አያዋጣም። «ታይትል ናይን» የተባለው የአሜሪካ ሕግ በ1972 ሲወጣ 300,000 የማይሞሉት የሁለተኛ ደረጃ ሴት ስፖርተኞች ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በላይ የሆኑትም የራሳቸው ሜዳ ስላገኙ ነው። ትራንስጀንደር ልጆች የት ይወዳደሩ የሚለውም ከባድ ጥያቄ ነው፤ ይከራከሩበት።

ግን ልኩን እንወቅ። በማርች 2022 የዩታ ምክር ቤት ትራንስጀንደር ልጆች ከሴቶች ጋር እንዳይወዳደሩ የሚከለክል ሕግ ሲያወጣ አገረ ገዢው ስፔንሰር ኮክስ አልፈርምም ብለው ነበር። ከ75,000 ተማሪ ስፖርተኞች መካከል ትራንስጀንደር የሆኑት 4፣ በሴቶች ቡድን የምትጫወተው ደግሞ 1 ብቻ መሆኗን ጻፉ። ምክር ቤቱ ግን ተቃውሟቸውን ሽሮ አጸደቀው። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ የግዛቱ የትምህርት ቦርድ አባል አንዲት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ላይ በፌስቡክ ጥርጣሬ ጫሩ፤ ስድብና ዛቻ ወረደባት። እሷም ሴት ነበረች። ሊኩሏት ዓይኗን አጠፏት ይሏል ይህ ነው።

በ1966 ቡዳፔስት ላይ ሴት አትሌቶች በሐኪሞች ፊት ራቁታቸውን እንዲቆሙ ተደርገው ነበር። ያ ነውር ነው ተብሎ ቀረ። ዛሬ የሐኪሞቹን ቦታ የተሸናፊ ልጆች ወላጆች ሊይዙት ነው።

ስለዚህ ሕጉ የፈለገው ይሁን፣ ማስረጃ ካስፈለገ ሁሉም ተማሪ ሲመዘገብ እኩል ያቅርብ። ከዚያ በኋላ በመልክና በቁመና የሚቀርብ አቤቱታ ተቀባይ አይኑረው፤ ቤተሰብ ሳያውቅም የማንም ልጅ መዝገብ አይከፈት። ልጃችሁ ሁለተኛ ከወጣች ደግሞ መፍትሔው ቀላል ነው፤ በደንብ ትለማመድ።