ሐኪምና ሹፌር በአንድ አንቀጽ

የመንዝ ሰው ሙግት አይፈራም። ለአንዲት ክንድ ድንበር የአያት ቅድመ አያቱን ቆጥሮ፣ ምስክር አቁሞ፣ ስንቁን ቋጥሮ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃንም ሰበር ችሎት ይደርሳል። ይኸው ሰው ሚስቱ በእግሯ ከገባችበት ሆስፒታል በቃሬዛ ስትወጣ ግን «እግዜር ያመጣውን ምን ይደረጋል» ብሎ አስከሬኗን ተቀብሎ ይመለሳል። እምነቱ ያጸናዋል፤ ይህን አከብራለሁ። ዝምታውን ሁሉ በእምነቱ ማሳበብ ግን ልክ አይደለም። ማንን እንደሚከስ፣ ምን ማስረዳት እንዳለበት፣ ቢረታ ምን እንደሚያገኝ የነገረው የለም።

ሕጉ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጠብቆ እንዲሠራ ያዛል፤ በቸልተኝነት ደንቡን ጥሶ ሰው ከጎዳ ኃላፊ ይሆናል። አንቀጽ 2651 ደግሞ የሕክምና ተቋም የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች በጥፋታቸው በሽተኛውን ቢጎዱ ካሣ የሚጠየቀው ተቋሙ ራሱ መሆኑን ይናገራል። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ ለፈጸመው ጥፋት ተጎጂው መንግሥትን መጠየቅ እንደሚችል አንቀጽ 2126 ላይ ተጽፏል። እንግዲህ ባለ ጉዳዩ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ካደረ ወጣት ሐኪም ጋር ደም መቃባት የለበትም። ወጣቱም ቢሆን ከምኑ ይከፍላል? በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ማነስ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ሁላችንም አይተናል።

ክፉ ውጤት ሁሉ የሕክምና ጥፋት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ሐኪም ሊያድን ይጥራል እንጂ አድናለሁ ብሎ ዋስ አይገባም። በደንቡ ተሠርቶም የሚሞት አለ። ጭንቁ ያለው ይህን ከዚያ መለየቱ ላይ ነው፤ የመለየቱን ሸክም ደግሞ ሕጉ የጫነው በተጎጂው ላይ ነው።

ከጓሳ ጥግ ካለ ቀበሌ የተነሣች አንዲት ምጥ የያዛት እናት እናስብ። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋ ውርጫማ አገር ነው። ሴትዮዋ መጀመሪያ በሰው ትከሻ ጤና ጣቢያ ትደርሳለች። ከዚያ አምቡላንስ ይጠበቃል። ሆስፒታል ገብታ በኦፕራሲዮን ትወልዳለች፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍላታል፤ እዚያ ማህፀኗ ይወጣል። ሦስት ተቋም፣ ሦስት ካርድ። ባሏ እጅ ላይ የቀረው አንዲት የተጨማደደች የሪፈር ወረቀትና በሬ ሸጦ የገዛው መድኃኒት ደረሰኝ ነው። ጥፋቱ የማን ነው? ዘግይቶ የላከው ጤና ጣቢያ? ነዳጅ ያጣው አምቡላንስ? መሣሪያውን በደንብ ያልቀቀለው? ደም ተፈልጎ ያልተገኘ እንደሆነስ? ነገሩ በብዙ እጅ ሲያልፍ ለብቻው «እሱ ነው» ተብሎ የሚጠቆም ሰው ይጠፋል። ጥፋተኛ ከጠፋ ካሣም ይጠፋል፤ ሕጋችን የቆመው ጥፋተኛ ፍለጋ ላይ ነውና። ሴትዮዋ ግን ተጎድታለች። ይህን የሚክድ የለም።

ጥፋተኛው ቢታወቅ እንኳ ጊዜው አይጠብቅም። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠየቅበት ጊዜ በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። የመንዝ ሐዘንተኛ ተዝካር ሳያወጣ ስለ ገንዘብ ማንሣት ነውር ይመስለዋል። ሙት ዓመቱ ሲወጣ ከሁለቱ ዓመት ግማሹ አልቋል። ቀሪው ካርድ ለማስገልበጥ፣ ጠበቃ ለመፈለግ፣ የሐኪም አስተያየት ለማግኘት ነው፤ እሱም መንገዱ በሰላም ክፍት ከሆነ።

አሁን ወደሚያስቆጣኝ አንቀጽ ልምጣ። ሕጉ ለጠፋ ገቢና ለሕክምና ወጪ ጉዳቱን ያህል እንዲከፈል ያዛል፤ ሟች ይረዳቸው ለነበሩ የቅርብ ቤተሰቦቹም ቀለብ እንዲቆረጥ ይፈቅዳል። ለሕሊና ጉዳት ግን፣ ማለትም ለእናት ሞት፣ ለመካንነት፣ ዕድሜ ልክ ለሚዘልቅ ስቃይ፣ አንቀጽ 2116 ከ1000 ብር በላይ እንዳይከፈል አጥሮታል። በወጣበት ዘመን ይህ 400 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር። ዛሬ መሐል ሜዳ ገበያ አንድ የመንዝ በግ አይገዛም። የገበሬ ሚስት ደግሞ የደመወዝ ደረሰኝ የላትም፤ የጠፋ ገቢ ተብሎ የሚሰላላት ስንት ነው? ውኃ መቅዳቷ፣ ጥጥ መፍተሏ፣ ልጅ ማሳደጓ በየትኛው መዝገብ ሰፍሯል? ለእሷ የቀረላት የሕሊና ካሣው ነበር፤ እሱንም ከስልሳ ዓመት በላይ በዚያች ቁጥር ላይ ተክለነው ተቀምጠናል። ዳኞች ይህን ጣሪያ ከልባቸው እንደማይወዱት አምናለሁ፤ ሕግ ሆኖባቸው ነው።

ሌላው መንገድ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ብዙ ተጎጂ የሚያውቀውም ይህንኑ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ላለበት ሰው ቅጣቱን ያከብዳል፤ ለምሳሌ ብሎም ሐኪምንና ሹፌርን ጎን ለጎን ይጠራል። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ነው። ተጎጂው በዚያው ክስ ላይ ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። በተግባር ግን ፖሊስ የሙያ አስተያየት ይጠይቃል፣ ጉዳዩ ወደ ጤና ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመራል፣ መዝገቡ እዚያ ይቀመጣል። የፌዴራሉ ኮሚቴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 እስከ 2017 የሰጣቸው 125 ውሳኔዎች በጥናት ታይተዋል። አቤቱታ የበዛው በማህፀንና ጽንስ ሕክምና ላይ ነው። በአብዛኛዎቹ ጥፋት አልተገኘም። ተገኘ ቢባልም ኮሚቴው በባለሙያው ፈቃድ ላይ እርምጃ ያስወስዳል እንጂ ለተጎጂ ብር አይቆርጥም። ከጓሳ ተነሥቶ በክልል ደረጃ አቤት ልበል የሚል ደግሞ ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ ይልቅ ትርቀዋለች።

አንድ ነገር ለባለ ጉዳዮች ልንገር፤ ጠበቃ ሳይነግራቸው የቀሩ ብዙ ናቸው። ሐኪሙ በወንጀል ነፃ ቢወጣም የፍትሐ ብሔሩ ችሎት በዚያ አይታሰርም፤ አንቀጽ 2149 ይህን በግልጽ ይላል። «ነፃ ተብሏል» ሲባል ፋይሉን አጥፎ ቤት መግባት አያስፈልግም።

ሐኪምና ሹፌር በወንጀሉ አንቀጽ ላይ ጎረቤት ናቸው ብያለሁ። በካሣው በኩል ግን አገሪቱ ለሁለቱ ተጎጂዎች ያደረገችው እኩል አይደለም። ለመኪና አደጋ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ተከልክሏል። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅ እንኳ ተጎጂው ባዶ እጁን እንዳይቀር የመድን ፈንድ ቆሟል። ሹፌሩ ተያዘም አልተያዘም፣ የተገጨው ሰው ሰው ነው ብለናል። በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ለተጎዳችው እናት ይህን ማለት ለምን አቃተን?

ሊባል እንደሚችል ያሳዩ አገሮች አሉ። ኒው ዚላንድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ተጎጂ ጥፋተኛ ሳይፈልግ ካሣ የሚያገኝበትን ሥርዓት ጀመረች። ስዊድን በ1975 የታካሚ መድን አቆመች፤ እዚያ የሚጠየቀው «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «ጉዳቱ ሊቀር ይችል ነበር ወይ?» ነው። ሐኪሙን መቅጣት ካስፈለገ በሌላ በር ይኬዳል። ይህ ሐኪሙንም ይጠቅማል፤ እስር የማይፈራ ሐኪም ስህተቱን በካርዱ ላይ እንደሆነው ይጽፋል፣ ባልደረቦቹም ይማሩበታል።

ሐሳቡ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ድሮ በሸዋ ገጠር ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር አገሬው ተሰብስቦ ሌባውን ለማውጣት ለአፈርሳታ ይቀመጥ ነበር። ጥፋተኛው ካልወጣ የአካባቢው ሰው አዋጥቶ ለተበዳዩ ይከፍል ነበር። አፈርሳታ ንጹሑን ሁሉ ከእርሻው አስቀርቶ ያጉላላ ስለነበር ይመለስ አልልም። የተበዳዩ ጉዳት ጥፋተኛው እስኪገኝ እንዳይንጠለጠል መፈለጉ ግን ትክክል ነበር።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለኝ፣ ዛሬስ ማን እየከፈለ ነው? ሆድ ውስጥ የተረሳ ፋሻ ለማውጣት የሚደረገውን ሁለተኛ ኦፕራሲዮን የሚከፍለው በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው፤ እሱ በማይደርስበት ቤተሰቡ በሬውን ይሸጣል። ወጪው ከድሮም አለ፤ የተቀመጠው ግን ከሁሉ ደካማ በሆነው ላይ ነው። ጤና ተቋማት እንደየአልጋቸው ብዛትና እንደየአገልግሎታቸው ዓይነት የሚያዋጡበት፣ መንግሥትም ለራሱ ሆስፒታሎች የሚከፍልበት አንድ የታካሚ ካሣ ፈንድ ይቋቋም። አቤቱታው ባለ ጉዳዩ ባለበት ዞን ይታይ፤ የመንዙ ደብረ ብርሃን ላይ ይጨረስለት።

ፈንዱ እስኪቆም ሁለት ነገር ያለ ብዙ ገንዘብ ይሆናል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአንቀጽ 2116ን የ1000 ብር ጣሪያ ያንሣ፤ መጠኑን ዳኛው እንደ ጉዳቱ ይመዝን። ሆስፒታሎች ደግሞ ታካሚ ሲወጣ፣ ወይም ሲሞት ለቤተሰቡ፣ ሳይለመኑ የካርዱን ሙሉ ቅጂ በእጁ ይስጡ፤ የኦፕራሲዮኑን ማስታወሻ፣ የማደንዘዣውን ሰንጠረዥ፣ የነርሶቹን ክትትል ጨምረው፣ የእያንዳንዱ ገጽ ቁጥር ተጽፎበትና ማኅተም ተመትቶበት።