የካ አባዶ በዶላር ሲሰላ

ሥራውን በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት አማካይነት የሚያከናውን፣ ገቢውን ከአንድ አገር እያገኘ ኑሮውን ግን ወጪ በሚቀልበት በሌላ አገር የሚያደርግ፣ ቆይታውም ከጎብኚ ረዝሞ ከስደተኛ የሚያጥር ሠራተኛ በዓለም ዙሪያ «ዲጂታል ኖማድ» በሚል ስም ይታወቃል። ስያሜው ጃፓናዊው የሴሚኮንዳክተር መሐንዲስ ትሱጊዮ ማኪሞቶና እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ዴቪድ ማነርስ እ.ኤ.አ. በ1997 በጋራ ያሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ነበር፤ ነገሩ ግን የጥቂት ሰዎች ልማድ ከመሆን አልፎ የመንግሥታት ፖሊሲ ለመሆን የበቃው የኮቪድ ወረርሽኝ ቢሮዎችን ከዘጋ በኋላ ነው። ባርቤዶስ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓመት 50 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ለሚያገኝ የርቀት ሠራተኛ የ12 ወራት የመኖሪያ ፈቃድ መስጠት ጀመረች፤ ኢስቶንያ በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ቪዛ አወጣች፤ ጎረቤታችን ኬንያም በ2024 ለእነዚሁ ሠራተኞች የተለየ የፈቃድ ዘርፍ ከፈተች። የፈቃዶቹ ዝርዝር ይለያይ እንጂ መሠረታቸው አንድ ነው፤ እንግዳው ገቢውን ከውጭ እንዲያመጣና በአገሬው ገበያ እንዲያወጣው ይፈለጋል፣ የአገሬውን ሥራ ግን እንዳይሻማ ይከለከላል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የአስተናጋጅ አገር ርካሽነት እንደ አየር ጠባይ ተፈጥሮ የለገሰችው ሀብት ተደርጎ ይቀርባል። በእውነቱ ግን አንድ ሰፈር ርካሽ የሚሆነው የሆነ አካል ወጪውን ቀድሞ ስለከፈለለት ወይም ነዋሪው ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሚያገኝ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሁለቱ ምክንያቶች አብረው ይገኛሉ። ይህን ለመረዳት ከየካ አባዶ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

የካ አባዶ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ የቀላል ባቡሩ መስመር ከሚያበቃበት ከአያት አልፎ ከለገጣፎ አጠገብ የሚገኝ ሰፊ የኮንዶሚኒየም መንደር ሲሆን፣ ቀድሞ በየካ ክፍለ ከተማ ሥር ቆይቶ በ2013 ዓ.ም. የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም ወደዚያው ተካልሏል። መንደሩ የተወለደው በ1997 ዓ.ም. ግድም በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን ከተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ነው። በዚያው ዓመት ከ450 ሺህ በላይ የከተማዋ ነዋሪዎች ቤት ፈላጊ ሆነው ተመዘገቡ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በኋላ «20/80» በተባለው ሥርዓት፣ ማለትም ተጠቃሚው የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ቆጥቦ ቀሪውን 80 በመቶ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብድር በሚሸፍንበት አሠራር፣ ዕጣ እስኪወጣላቸው ዓመታት ጠበቁ። ቤቶቹ ከገበያው ዋጋ በታች ሊተላለፉ የቻሉት መሬቱን መንግሥት በማቅረቡና የግንባታውን ገንዘብ በመንግሥት ባንክ በኩል በማስገኘቱ ነው። ፕሮግራሙ ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ነዋሪ አስቦ የተነደፈ ለመሆኑ በብሎኮቹ መካከል የተሠሩት፣ ልብስ ለማጠብ፣ በግ ለማረድና በርበሬ ለመቀንጠስ የታሰቡት የጋራ መገልገያ ቤቶች ሳይቀሩ ይመሰክራሉ። ይሁን እንጂ ዕጣ የወጣላቸው ብዙ ሰዎች የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ ከደመወዛቸው መሸፈን ስላቃታቸው ቤቱን አከራይተው እነርሱ ቀድሞ በለመዱት ሰፈር በጠባቡ መኖርን መርጠዋል። ስለዚህ በየካ አባዶ አንድ ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ቤት ሲከራይ፣ ከኪራዩ ዋጋ በስተኋላ የመንግሥት ድጎማ፣ የባንክ ዕዳና ከራሱ ቤት ውጭ የሚኖር ባለዕጣ መኖራቸው የተለመደ ነው። ይህ ዋጋ በዶላር ሲመነዘር ያስደንቃል፤ የሚያስደንቀው ግን ዶላር ላለው ሰው ብቻ ነው።

ታዲያ ዶላር ይዞ እዚህ የሚኖረው ማን ነው? በሊዝበን ወይም በባሊ እንደሚታየው ላፕቶፑን አንግቦ የሚዞር አውሮፓዊ ወጣት በየካ አባዶ ደረጃዎች ላይ እምብዛም አይታይም፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት ሕጉ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለውጭ አገር ዜጋ የሚሰጠውን የሥራ ፈቃድ ከአንድ የተወሰነ የሥራ ዓይነት ጋር አያይዞ በየዓመቱ እንዲታደስ ያደርገዋል፤ አሠሪው በርሊን፣ ደንበኛው ሲንጋፖር፣ ወንበሩ አባዶ የሆነን ሠራተኛ አዋጁ አላሰበውም። የቱሪስት ቪዛውም የጉብኝት እንጂ የሥራ አይደለም። በዚህ ክፍተት መካከል ሕጋዊ ምቾት ያለው አንድ ወገን ብቻ ነው፤ እርሱም ትውልደ ኢትዮጵያዊው ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የውጭ ዜግነት ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የተለየ መታወቂያ፣ በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የሚባለውን፣ ሰጥቷቸው ያለ መግቢያ ቪዛ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድና ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲኖሩና እንዲሠሩ አስችሏል። አዋጁ ሲወጣ የታሰበው ተመላሹ በአገር ውስጥ ተቀጥሮ ወይም ነግዶ እንዲኖር ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ከአትላንታ ወይም ከቶሮንቶ የመጣችው ባለቢጫ ካርድ ሥራዋን ሳትለቅ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ከእናቷ ቤት አጠገብ ተከራይታ መኖር እንድትችል አድርጓታል። የዲጂታል ኖማድ ቪዛ ሳይባል የወጣ፣ ምናልባትም ከባርቤዶሱ የላቀ፣ ፈቃድ ማለት ይህ ነው።

የእነዚህ ሰዎች አቅም በአጭር ጊዜ እጥፍ ወደ መሆን ተጠግቷል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። ኪራይ፣ ሽሮ፣ የታክሲ ሒሳብና የሠራተኛ ደመወዝ በዚያ ፍጥነት አልጨመሩም፤ ስለዚህም ገቢው በዶላር የሆነ ነዋሪ ከጎረቤቱ ከመምህሩና ከነርሷ ጋር በአንድ ደረጃ ላይ እየኖረ በሌላ ኢኮኖሚ ውስጥ ገባ። በዚህ ተመላሹን መውቀስ አይገባም፤ ምንዛሪውን አልወሰነም፣ ድጎማውንም አልጠየቀም። ለአከራዩ ግን ዶላር ተከፋዩን መምረጥ ምክንያታዊ ነው፤ ደላላውም ይህን ከማንም በፊት ያውቃል።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 እዚህ ላይ ከታሰበው በላይ ጠቃሚ ሆኖ ይገኛል። አዋጁ ቢያንስ የሁለት ዓመት የኪራይ ውል፣ ከሁለት ወር የማይበልጥ ቅድመ ክፍያና ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ብቻ የሚደረግ ጭማሪ ይደነግጋል። ብዙዎች ሕጉን ያዩት በአከራይና በተከራይ መካከል እንደ ዳኛ ነው፤ ነገር ግን የሁለት ዓመት ውል በመሠረቱ ለሚቀመጥ ሰው እንጂ ለሚዞር ሰው አይመችም፤ ቤቱን በሶፋና በዋይፋይ አሳምሮ በየወሩ ለሚቀያየር እንግዳ ማከራየትም ከመንፈሱ ውጭ ነው። ቁጥጥሩ በትጋት ከተሠራበት፣ ለነዋሪ የተሠራ ኮንዶሚኒየም ወደ እንግዳ ማረፊያነት እንዳይለወጥ የተሻለው መከላከያ ይኸው አዋጅ ነው።

እስካሁን የተወሳው ገንዘብ ይዞ የሚመጣው ነው። የየካ አባዶ ትልቁ ጉዳይ ግን ከየትም ያልመጣው ሠራተኛ ይመስላል፤ ይኸውም በሰፈሩ አድጎ ወይም ተከራይቶ፣ እንደ አፕወርክ ባሉ የሥራ ማገናኛ ገበያዎች ወይም በቀጥታ ቅጥር ለውጭ ድርጅት ኮድ የሚጽፈው፣ ሒሳብ የምትይዘው፣ ሥዕላዊ ንድፍ የሚሠራው ወጣት ነው። በዲጂታል ኖማድ ዘንድ ሰውየው ከአገር አገር ሲዞር ሥራው ባለበት ይቆያል፤ በዚህኛው ወጣት ላይ ነገሩ ተገልብጦ ሥራው ድንበር ሲሻገር ሰውየው ባለበት ተቀምጧል። መቀመጡም ሁልጊዜ በምርጫ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ቪዛ አመልካቾች ላይ ገደብ ጥሎ፣ በ15 ቀን ይታይ የነበረው ማመልከቻ 45 ቀን እንዲወስድና ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ ወስኗል። አንድ የኢስቶንያ ኩባንያ የካ አባዶ ያለን ፕሮግራመር ሊቀጥር ይችላል፤ ቡድኑን እንዲተዋወቅ ለአንድ ሳምንት ልጋብዘው ሲል ግን ወር ተኩል ይጠብቃል።

የዚህ ሠራተኛ ቀን የሚጀምረው የሌላው ሲያልቅ ነው። የኒው ዮርክ ቢሮ በጠዋት ሲከፈት በአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ይሆናል፤ ሥራውም ከሌሊቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ በዚያ ሰዓት ከቦሌ ወይም ከመገናኛ ወደ አባዶ የሚመልስ ታክሲ ስለማይገኝ ቤቱን ቢሮ ከማድረግ ውጭ አማራጭ የለውም። ቤቱ ቢሮ ሲሆን ደግሞ የሰፈሩ ትራንስፎርመርና የካርድ ቆጣሪው የሥራ ውሉ አካል ይሆናሉ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. መመረቁ ለአገሪቱ ታላቅ ነገር ነው፤ ሆኖም ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ በስብሰባ መካከል መብራት የጠፋበት ሰው የሚያስፈልገው በጉባ የሚመነጨው ኃይል ብቻ ሳይሆን ኃይሉ እስከ ብሎኩ የሚደርስበት ጤናማ መስመር ነው። በኢንተርኔት በኩል በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የኢትዮ ቴሌኮም ብቸኝነት አብቅቷል፤ አንዱ ሲዘገይ ሌላው ያግዛል። ሁለቱም አብረው በትእዛዝ ሲዘጉ ግን ውድድር አይረዳም። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በተገደለ ማግስት የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል አልተመለሰም፤ በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ከዚያ እጅግ ለረዘመ ጊዜ ተዘግቷል። ለሱቅ ነጋዴ መንገድ ሲዘጋ ደንበኛው ምክንያቱን ያያል፤ በሳን ፍራንሲስኮ ያለ አሠሪ ግን የሚያየው መልስ የማይሰጥ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ ሠራተኛው የጠፋበትን ምክንያት የሚያሳውቅበት መንገድ ራሱ ተቋርጧል። በዚያን ጊዜ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር የነበረ ፕሮግራመር ሥራውን ለማቆየት ወደ አዲስ አበባ መምጣት ግድ ቢሆንበት፣ እርሱም ከዚያ በኋላ በገዛ አገሩ ውስጥ ሥራውን ተከትሎ የሚዞር ሆነ ማለት ነው፤ ምንም እንኳ በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ ፎቶው ባይወጣም።

መንግሥት ይህን ወጣት አልዘነጋውም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው «5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» የተሰኘው ሥልጠና ግቡን በስሙ ይናገራል። ነገር ግን በአገር ውስጥ ያለው የሶፍትዌር ቅጥር ይህን ያህል ሰው እንደማይሸከም ግልጽ ስለሆነ፣ ሥልጠናው በተዘዋዋሪ የውጭ ሥራ መሻት ነው። ከምንዛሪ ማሻሻያው ጋር የወጣው መመሪያ የአገር ውስጥ ነዋሪዎች ከውጭ በሚያገኙት ደመወዝና መሰል ገቢ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍቱ መፍቀዱም በዚሁ መንገድ ላይ ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ በፊት ይህ ዕድል በዋነኛነት ለዲያስፖራው የተተወ ነበር። የሚቀረው የባንኩ መስኮት ፍሪላንሰሩን፣ ማለትም በቋሚ ቅጥር ሳይሆን በየሥራው የሚከፈለውን ሰው፣ የቅጥር ደብዳቤ ከሌለህ ብሎ እንዳይመልሰው ማድረግ ነው።

ለውጭ ዲጂታል ኖማዶች የተለየ ቪዛ ይውጣ የሚለው ሐሳብ በመርሕ ደረጃ ስሕተት የለበትም። አገሪቱ እንግዳን ተቀብላ ወረቀቱን የምትዘነጋበት ታሪክም ስላላት ግልጽ ሕግ ይሻላል፤ በሻሸመኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰጧቸው መሬት ላይ የሰፈሩት ራስተፈሪያውያን ለአሥርት ዓመታት ያለ መታወቂያ ኖረው መንግሥት ሊሰጣቸው የወሰነው በ2009 ዓ.ም. ነው። ሆኖም ቅደም ተከተሉ መታየት አለበት። በርካሽ ለመኖር የሚመጣው እንግዳ መብራት ሲጠፋ ወደ ናይሮቢ ይበርራል፤ የአባዶው ፕሮግራመር ግን መሄጃ የለውም፣ የሚያስገባው ዶላርም ከእንግዳው በተለየ እዚሁ ይቀራል።

የግብሩም ነገር በዚሁ ቅደም ተከተል መታየት ይኖርበታል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ በኢትዮጵያ የቆየን ሰው ነዋሪ አድርጎ በመቁጠር ከየትኛውም የዓለም ክፍል ባገኘው ገቢ ላይ ግብር ይጥላል፤ ስለዚህ ባለቢጫ ካርዷም ሆነች የሰፈሩ ፕሮግራመር በሕጉ ፊት ግብር ከፋዮች ናቸው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው ተመን ከቅጥር ገቢ ላይ 35 በመቶ የሚታሰበው በወር ከ14 ሺህ ብር በላይ በሆነው ክፍል ላይ በመሆኑ፣ በወር 1 ሺህ ዶላር የሚያገኝ ሰው ከገቢው አብዛኛውን በዚህ ከፍተኛ እርከን ያስቆጥራል። እንዲከፍል መጠየቅ አግባብ ነው፤ ደመወዙ ሳይደርሰው ግብር የሚቆረጥበት መምህር ጎረቤቱ ነውና። የሚከፍለው ሰው ግን ሌላው ግብር ከፋይ ያላጋጠመው ኪሳራ አለበት፤ ገቢው ያለ ማስጠንቀቂያ በመንግሥት ትእዛዝ ሊቋረጥ ይችላል። ኢንተርኔት በትእዛዝ የተዘጋባቸው ቀናት በገቢዎች ቢሮ ዘንድ ተመዝግበው ከዓመቱ ግብር በየቀኑ ስሌት የሚቀነሱበት ደንብ ቢወጣ፣ ለፍሪላንሰሩ ፍትሕ ከመሆኑም በላይ ለመዝጋት የሚያዝዘው አካል ትእዛዙ ስንት ብር እንደሚያስወጣ አስቀድሞ እንዲያሰላ ያስገድደዋል።