ከሐኪም ቤት የወጣ ልጅ ወዴት ይገባል?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በዚህ የአንባብያን ደብዳቤ ዐምድ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ገበያ ዋጋ ብዙ ሲጻፍ አነባለሁ፤ ሁሉም ተገቢ ነገር ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ብዙውን ጊዜ በሹክሹክታ ብቻ ስለሚነገር ጉዳይ ነውና ጥቂት ቦታ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩም የወጣቶች የአእምሮ ሕመምና ከሕመሙ በኋላ ያለው ማገገም ነው። በሰሜን ጎንደር ዞን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የምናገረውም በክፍሌ ውስጥ ያየሁትንና ከሚያውቁት ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

ደባርቅን ያላየ አንባቢ ቢኖር፣ ከተማይቱ ከጎንደር ወደ ሰሜን አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ዳባት ታልፎ የምትገኝ ብርዳም የደጋ ከተማ ናት። ከእርሷ ወዲያ መንገዱ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ ዓዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። የውጭ አገር ሰው የሚያውቃት በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በርነቷ ነው፤ ዋልያና ጭላዳ ለማየት የሚመጣው እንግዳ በመኪና ሽው ብሎ ያልፋታል። የማያየው ነገር ግን ከየገጠሩ የመጡትን ተማሪዎች ነው። እነዚህ ልጆች ሦስት አራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፤ በገበያ ቀን ከሚመጣ ዘመድ ስንቅ ይቀበላሉ፤ ራሳቸው እየጋገሩ፣ ራሳቸው እያጠቡ ይማራሉ። ዕድሜያቸው ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስድስት ነው። እናትና አባት በሌሉበት ቤት አንድ ልጅ ዝም ቢል ዝምታውን የሚያስተውል ሰው የለም።

ከነዚህ አንዱን ልጥቀስ፤ ስሙንም ቀበሌውንም አልጠራም። በዐሥረኛ ክፍል ውስጥ እጁን ቀድሞ የሚያወጣ ልጅ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ማርፈድ ጀመረ፤ ቀጥሎም መጻፍ ተወ። አንድ ቀን የፈተና ወረቀቱን ባዶውን አስረከበኝ፤ በወረቀቱ ላይ የነበረው ሦስት ቦታ የተጻፈ የራሱ ስም ብቻ ነበር። እኔም የስንፍና ነገር መስሎኝ በጓደኞቹ ፊት አስነሥቼ ዘለፍሁት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። በማግሥቱ አብረውት የሚኖሩት ልጆች መጥተው፣ ሌሊት እንደማይተኛ፣ እህል እንደማይቀምስ፣ ከጣሪያው ላይ ድምፅ ይጠራኛል እንደሚል ነገሩኝ። እናቱ ተጠርተው መጡና ወደ ጠበል ወሰዱት፤ ሁለት ሱባዔም ቆየ። ከዚያ በኋላ ወደ ሐኪም ቤት ገባ።

ሐኪሞቹ በደንብ ያዙት። መድኃኒት ተሰጠው፤ እንቅልፉ ተመለሰ፤ ምግብም ጀመረ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ተሽሎታል ተብሎ ወጣ። በእጁ የተሰጠችውን ወረቀት አንብቤአታለሁ፤ የመድኃኒቱ ስም፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድና የቀጠሮው ቀን ተጽፎባታል። የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚያበላው፣ መድኃኒቱን ማን እንደሚያስታውሰው፣ ወደ ትምህርቱ መቼና እንዴት እንደሚመለስ አንድም ቃል የለባትም።

ልጁ ሲመለስ ያከራዩት ሰው «እኔ እብድ አላሳድርም» ብለው በሩን ዘጉበት። በክፍል ውስጥ ጓደኞቹ ዴስካቸውን ፈቀቅ አደረጉ። እኛ መምህራንም በማረፊያ ክፍላችን ሻይ ስንጠጣ «ያ ያበደው ልጅ» እያልን ነበር የምናነሣው። በቀጠሮው ቀን እናቱ ይዘውት ሲሄዱ መድኃኒቱ ስላለቀ ከውጭ እንዲገዙ ተነገራቸው፤ አንድ በግ ሸጠው ገዙ። በሚቀጥለው ወር የሚሸጥ በግ አልነበረም። መድኃኒቱ በተቋረጠ በሦስተኛው ሳምንት ልጁ እንደገና ታመመ። እናቱ ተማሪ ቤት ድረስ መጥተው «መምህር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እስቲ ይንገሩኝ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉናል፤ እኔስ መች ደበቅሁ?» አሉኝ። የምመልስላቸው አጣሁ። የሐኪም ቤቱን ስም የማልጠራው፣ ነገሩ በአንድ ሐኪም ቤት ብቻ የሚደርስ ባለመሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ የጠየቅኋቸው የሕክምና ሰዎች ያስረዱኝ ነገር አለ። የድብርት መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ጥቅሙ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ከተወሰደ በኋላ ነው። የሌለ ድምፅ የሚያሰማው ሕመም መድኃኒትም ቢሆን ሕመምተኛው ደኅና ሆኛለሁ ካለ በኋላ ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት መቀጠል አለበት፤ በድንገት ቢቋረጥ ሕመሙ ይመለሳል። እንግዲህ ሐኪም ቤቱ ልጁን የያዘው ለዐሥራ ሁለት ቀን ነው፤ መዳኑ የሚወሰነው ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ነው። በነዚያ ወራት ልጁ በሐኪሞች እጅ አይደለም፤ በአከራዩ፣ በእናቱ፣ በቄሱ፣ በመምህሩና በክፍል ጓደኞቹ እጅ ነው። እነዚህ ሁሉ ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የነገራቸው ሰው የለም።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ክሊኒክ አንዲት አስታማሚ ነበሩ። እግሩ የቆሰለ ልጅ ይዘን ስንሄድ ቁስሉን ከማየታቸው በፊት «ትናንት ማታ ምን በላህ? ከማን ጋር ነው የምታድረው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። እኛ ከበሩ ስንወጣ እንስቅባቸው ነበር፤ የእግር ቁስልና ራት ምን አገናኛቸው እያልን። ዛሬ ጥያቄያቸው ገብቶኛል።

ሌላም ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ዳባት አካባቢ ደርሶ በጭና ተክለ ሃይማኖት ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገደሉ። ከዓዲ አርቃይና ከዛሪማ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብም ወደ ደባርቅ ወጣ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት የብዙ ልጆች ትምህርት ተቋርጧል። በ2013 ዓ.ም. የዐሥርና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጆች የነበሩት ናቸው ዛሬ በፊቴ የሚቀመጡት። ሐዘን ሁሉ በሽታ ነው አልልም፤ አባቱን ያጣ ልጅ ቢያለቅስ ሰው መሆኑን ነው የሚያሳየው። ነገር ግን ሐዘኑ ወር አልፎ ዓመት ሲሆነው፣ ልጁ መተኛትና መብላት ሲሳነው፣ መሞትን ሲመኝ፣ ያን ጊዜ ነገሩ ከልቅሶ ቤት ያልፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዐሥር እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ካሉት ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት፤ ከአእምሮ ሕመሞችም እኩሌታው የሚጀምረው ዐሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላ ነው። በእኔ ክፍል ስድሳ ተማሪዎች አሉ። በዓለሙ ስሌት ብንሄድ እንኳ ስምንት ወይም ዘጠኝ መሆናቸው ነው። እኔ ያወቅሁት አንዱን ነው፤ እርሱንም ያወቅሁት ከዘለፍሁት በኋላ ነው።

መንግሥት ነገሩን አላሰበበትም ለማለት አይቻልም። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲሠራበት የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ያወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ፣ ይህ ሕክምና ከመደበኛው የጤና አገልግሎት ጋር ተዋሕዶ እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ ይላል። ያለዚያማ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ የታመመ ሰው አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ ይሂድ ማለት ነው። ደባርቅም ዳባትም ሆስፒታል አላቸው። በዳባት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማዕከል ደግሞ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በወረዳው በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ዝውውርን ቤት ለቤት እየዞረ ይመዘግባል። ቤት ለቤት መሄድ የማይቻል ሥራ አለመሆኑን በዓይናችን አይተናል። የሞተውን ለመቁጠር የደጁን ደፍ የሚረግጥ ሰው ከተገኘ፣ ከሐኪም ቤት የወጣውን ለመጠየቅስ የሚገኝ ሰው ይጠፋል?

እንዲያውም ጎንደር የዚህ ዓይነት አሠራር ጥንተ መሠረት ነበረች። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጽዳት ባለሙያውን ባንድነት አሠልጥኖ ወደ ገጠር የሚልከው፣ በሽተኛውን ከነቤቱ እንዲያዩት ነበር። በዚያው ዘመን፣ በ1954 እ.ኤ.አ.፣ ናይጄሪያዊው ሐኪም ቶማስ ላምቦ በአቤኦኩታ አጠገብ በአሮ የአእምሮ ሕሙማኑን ከዘመዶቻቸው ጋር በአካባቢው መንደሮች እያሳደረ ማከም ጀመረ። ቀን ወደ ሆስፒታሉ ይመጣሉ፤ ማታ በመንደር ከሰው ጋር ይኖራሉ። በእኛ አገር አስታማሚ ከበሽተኛ አልጋ ሥር የማይለይ ሆኖ ሳለ፣ አስታማሚውን ሲያጨናንቅ እንጂ ሲረዳ አናየውም፤ «ውጡ፣ ሐኪም ሊገባ ነው» ይባላል እንጂ «ኑ፣ መድኃኒቱን እንዲህ ስጡት» የሚለው ጥቂት ነው።

ከቅርቡ ደግሞ የዚምባብዌ ነገር አለ። እዚያ ሐኪሞቹ እጅግ ጥቂት ስለሆኑ፣ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 እ.ኤ.አ. በሐራሬ ከዐሥራ አራት አሮጊቶች ጋር አንድ ሥራ ጀመሩ። እናቶቹ በጤና ጣቢያው ግቢ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በተማሩት ሥርዐት፣ ያዘነውንና የተጨነቀውን ያነጋግራሉ። ሥራው ተመርምሮ ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የታየባቸው እናቶቹ ካነጋገሯቸው መካከል 14 በመቶ ሲሆኑ፣ የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት መካከል ግን 50 በመቶ ነበሩ። ደባርቅ ላይ ቡና አፍልተው የጎረቤት ችግር የሚፈቱ እናቶች አላጣንም። ያጣነው ወንበሩንና ጥቂት ሥልጠናውን ነው።

ስለ ጠበል ሳልናገር ባልፍ ደብዳቤዬ ጎደሎ ይሆናል። በሚሲዮን የተማረ ሰው ጠበልን ይንቃል ብሎ የሚጠረጥረኝ አይጠፋም። አልንቅም። የልጁ እናት ጠበል ወስደውት ባይሆን ኖሮ እነዚያን ሁለት ሱባዔ ማን ያድርለት ነበር? የምቃወመው መድኃኒቱን ጣሉ ሲባል ነው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤድስ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በግልጥ ተናግረው ነበር፤ ለዚያ በሽታ የተባለው ለዚህ የማይባልበት ምክንያት አይታየኝም። አንድ የአእምሮ ሕክምና ነርስ በወር አንድ ቀን ጠበል ቦታ ሄዶ ከአጥማቂው ጋር ቢነጋገር፣ ከብዙ ስብከት ይሻላል።

እንግዲህ ይህን ጋዜጣ የሚያነቡት አብዛኞቹ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸውና የምለምነውን ልናገር። በዐውደ ጥናት አትጀምሩልን። ባነር ተሰቅሎ፣ አበል ተከፍሎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚያልቅ ሥልጠና ብዙ አይተናል። እኔ የምፈልገው ሐኪም ቤቱ ልጁን ሲያስወጣ፣ ልጁና ቤተ ሰቡ ከፈቀዱ፣ አንዲት ሁለተኛ ወረቀት ለተማሪ ቤቱ እንዲጽፍ ነው። የበሽታውን ስም አይጻፍበት፤ ጠዋት እንቅልፍ ሊጫጫነው ይችላል፣ ፈተናው ለአንድ ወር ይዘግይለት፣ እንዲህ ያለ ምልክት ካያችሁ አምጡት የሚል ብቻ ይበቃል። በተማሪ ቤቱም በኩል አንድ መምህር ከሳምንታዊ ክፍለ ጊዜው ጥቂቱ ተቀንሶለት፣ በር ያላት አንዲት ክፍል ተሰጥቶት ይህን ሥራ ይያዝ። በር ያላት ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በመምህራን ማረፊያ መካከል ቆሞ ምሥጢሩን የሚያወራ ልጅ የለም። መድኃኒቱ ደግሞ በወሩ ቀጠሮ በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ይገኝ። በበጀት መደብ ስለ እነዚህ መድኃኒቶች የሚቆርጠው ባለሥልጣን፣ አንድ ወር ቢቋረጥ ምን ማለት እንደሆነ የበጉን ነገር ያስታውስ። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሲዛወርም ተተኪው ሳይመጣ ዝውውሩ ባይፈጸም መልካም ነው፤ ያዳመጠውን ሰው ያጣ ልጅ ታሪኩን ከመጀመሪያው ለመንገር ጉልበት የለውም።

ወጪ ይበዛል የሚል ቢኖር፣ የነገርሁት ወረቀት፣ አንዲት ክፍልና የጥቂት ሰዓት ጉዳይ ነው። ለመድኃኒቱ ገንዘብ ማስፈለጉን አልክድም። ነገር ግን ያ ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ሲታመም ተኝቶ የታከመው ከመጀመሪያው ይልቅ ረጅም ጊዜ ነው፤ የዚያ አልጋ ወጪ በየትኛው መዝገብ ላይ እንደሚታይ የሒሳብ ሹሞች ያውቁታል።

ልጁ አሁን ከእናቱ አክስት ዘንድ ያድራል። ያ ዓመት ቢያልፈውም ዐሥረኛ ክፍልን ደግሞ ይማራል። ከስም ጠሪ መምህሩ ጋር ሆነን መድኃኒቱን እንከታተላለን፤ ስለ ዘለፍሁትም ይቅርታ ጠይቄው «ግድ የለም መምህር» ብሎኛል። በክፍል ውስጥ ገና እጁን አያወጣም። የሚቀጥለው ቀጠሮው በመጪው ማክሰኞ ነው፤ በዚያ ቀን ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የኔ ነው፤ የሚተካኝ ባልደረባ ለምኜ አግኝቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት መምህር
(ከደባርቅ)