የሐዋሳ ዳርቻ ክፍት ይቆይ

የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤቶች ለጥቂት ቀናት ሲዘጉ ልጆች ባሉበት ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ የት እንውሰዳቸው? ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ መተንፈስ የማይሻ የለም። አቅም ግን እንደየቤቱ ነው። በወር ደመወዝ የሚያድር ወላጅ ሐይቅ ዳር አርፎ መመለስን የባለሀብት ነገር አድርጎ ስለሚያስብ፣ ልጆቹን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጦ ዕረፍቱን ያሳልፋል። የዛሬው ጽሑፌ ለእሱ ነው። ሐዋሳን ይሞክር እላለሁ። ልጆች በጣም የሚወዱት ነገር ከሞላ ጎደል በነፃ የሚገኝባት ከተማ ናት። ይህ ጸጋ በሐይቅ ዳር ከተሞቻችን እየተመናመነ ስለሆነ፣ ሳይጠፋ በፊት ልንጠቀምበትም ልንቆረቆርለትም ይገባል።

ለምን እንዲህ እንደምል ቢሾፍቱን ያየ ሰው ይገባዋል። ለአዲስ አበባ ከሁሉም የምትቀርበው የሐይቅ ከተማ እሷ ናት። ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ እያለ ሐይቆቿን የሚቆጥር ልጅ ከተማዋን ገነት አድርጎ ይስላታል። ሲደርስ ግን የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ አጥር ነው። ውኃው ዘንድ ለመድረስ በሆቴል ወይም በመዝናኛ በር ማለፍ ያስፈልጋል፤ በሩ ላይ የመግቢያ ሂሳብ አለ፤ ወይም ምግብና መጠጥ ማዘዝ ግድ ይሆናል። ሆቴሎቹ ውብ ናቸው፣ ለብዙ ሰውም የሥራ ዕድል ፈጥረዋል። ችግሩ ከእነሱ ውጪ ሌላ መንገድ እየጠፋ መምጣቱ ላይ ነው። ሦስት አራት ልጅ ያለው ቤተሰብ ገና ውኃውን ሳያይ የያዘው ገንዘብ በር ላይ ያልቃል።

ሐዋሳ እስካሁን እንደዚያ አልሆነችም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች የሲዳማ ክልል መዲና በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች፣ ሜዳ ላይ የተዘረጋች፣ መንገዶቿ ሰፋፊ የሆኑ ከተማ ናት። ትንንሽ ልጆችን ይዞ ለመዘዋወር እንዲህ ያለ ከተማ አይገኝም፤ ዳገት የለ፣ ቁልቁለት የለ፣ እግር ሲደክም ባጃጅ በየጥጉ ነው። ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ተነስቶ ወደ ሐይቁ የወረደ ሰው ነዋሪዎቹ ፍቅር ሐይቅ ከሚሉት ዳርቻ ይደርሳል። ጎርፍ ለመከላከል የተሠራው የአፈር ግድብ ዛሬ የከተማው ሰው መንሸራሸሪያ ነው። ትልልቅ ሾላዎችና ዋርካዎች ጥላ ጥለውበታል። ቡና የሚያፈሉ ሴቶች ዱካቸውን ደርድረው ይቀመጣሉ፣ ለውዝና ቆሎ የሚያዞሩ ልጆች ይመላለሳሉ፣ ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለሉ የሰው እጅ ይጠብቃሉ። ልጅ እዚያ ሁለት ሰዓት ቢውል አይሰለቸውም። (ጦጣዎቹን አታብሏቸው። ሙዝ የለመደ ጦጣ ነገ ከሌላ ሕፃን እጅ ይነጥቃል።)

እሑድ ከሰዓት በኋላ ፍቅር ሐይቅ ሄዶ ያየ ሰው ይህ ቦታ ለማን እንደሚያስፈልግ ሌላ ማስረጃ አይሻም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ከየገጠሩ ወደ ከተማዋ አምጥቷል። ከደመወዛቸው የቤት ኪራይና ምግብ ሲነሳ የሚተርፈው ትንሽ ነው። በዕረፍት ቀናቸው ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ሦስት አራት ሆነው ተያይዘው ወደ ሐይቁ ይመጣሉ። አንድ ስኒ ቡና ለሁለት ይጠጣሉ፣ በስልካቸው ፎቶ ይነሳሉ፣ ጀምበሯ ስትጠልቅ አይተው ይመለሳሉ። ከጎናቸው ደግሞ የተማሪ ቤተሰብ፣ የዘበኛ ቤተሰብ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ቤተሰብ ተቀምጧል። አንድ ቦታ ላይ እንዲህ ተቀላቅሎ የሚዝናና ሕዝብ በሌሎች ከተሞቻችን ብዙ አይታይም። ልጆቼ ይህን ማየታቸው ከየትኛውም መዋኛና መወዛወዣ የሚበልጥ ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ።

በማለዳ ደግሞ አሞራ ገደል አለ። መግቢያው መጠነኛ ሂሳብ ነው፤ ለዚያ ሂሳብ የሚገኘው ግን ብዙ ነው። ሌሊቱን ሐይቁ ላይ ያደሩ ዓሣ አስጋሪዎች በጠዋት ጀልባቸውን ወደ ዳር ሲያስጠጉ መረቡ ይዘረገፋል፤ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫ። ወጣቶቹ ቅርፊቱን ሲፍቁ፣ ቆዳውን ሲገፉ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለዩ እጃቸውን ለመከተል ዓይን አይደርስም። ዙሪያቸውን አባ ኮዳዎቹ ቆመው ይጠብቃሉ። አባ ኮዳ ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ፣ ራሱ መላጣ፣ ጉሮሮው ላይ ከረጢት የተንጠለጠለበት ወፍ ነው። ትንሿ ልጄ ከቁመቷ ከሚበልጥ ወፍ ጋር ፊት ለፊት ስትፋጠጥ ዓሣ ሲያርድ የነበረው ልጅ ቀና አለና፣ «ጋሼ፣ ልጅቷን ወደ እርስዎ ሳብ ያድርጓት፤ እጇ ላይ ዓሣ ያለ ከመሰለው አይምራትም» አለኝ።

እሷ ግን ጥያቄ ነበራት። «ለምንድን ነው የማይሸሸው?»

«ሠራተኛችን ነዋ የኔ ቆንጆ! አንጀቱን፣ ጭንቅላቱን፣ የጣልነውን ሁሉ የሚያነሳልን እሱ ነው። እሱ ባይኖር እዚህ ቦታ በሽታው አያስቆምም ነበር» አላትና አንድ የዓሣ ጭንቅላት ወረወረ። አምስት አባ ኮዳ ክንፉን ዘርግቶ ተረባረበ። ልጄ ጮኸች፣ ሳቀች፣ እንደገና ጣልልኝ አለችው። ስለ ተፈጥሮ ሚዛን ክፍል ውስጥ የሚነገራት ነገር ከዚያ ወዲህ ትርጉም ያለው ይመስለኛል።

ቁርስ እዚያው ነው። የዓሣ ሾርባ፣ ለብለብ፣ ጉላሽ፤ ሁሉም ከሐይቁ ወጥቶ ሰዓት ያልሞላው ነው። ደፋሮች ጥሬውን በዳጣ ይበሉታል። ለልጆች ግን አልመክርም፤ የበሰለው ይብቃቸው። ቀና ብሎ ዛፎቹን ያስተዋለ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ካባ የለበሰ የሚመስለውን ጉሬዛ ያያል።

ታቦር ተራራም በነፃ ከሚገኙት ነው። ተራራ ይባል እንጂ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ያለ ችግር ይወጣዋል። ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከሌሎች ሰዎች ጋር ሆኖ፣ ውኃ ይዞ መውጣት ነው። ከአናቱ ላይ በአንድ ወገን ከተማው፣ በሌላው ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ይታያል።

ከሁሉም የሚበልጠው ነፃ ነገር ግን በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣው ፊቼ ጨምበላላ ነው። ይህ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል፤ የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ የሚያነቡት አያንቶዎች ናቸው የሚወስኑት። ሐይቁ አጠገብ ባለው ጉዱማሌ ሕዝቡ ይሰበሰባል፣ አባቶች ቄጣላ የሚባለውን ዜማ እየዘመሩ ይገባሉ። ልጆች «አይዴ ጨምበላላ!» እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ በየደረሱበት ከእንሰት በቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል። የጎሳ መሪዎች በዚያ ቀን ሕዝቡን ከሚመክሩት ውስጥ ሽማግሌን አክብሩ፣ አትስረቁ፣ በሐሰት አትመስክሩ፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ የሚለው ይገኝበታል። የአዲስ አበባ ልጅ ይህን በመማሪያ መጽሐፍ አንብቦ ለፈተና ይሸመድደዋል። አንዴ ቦታው ወስዶ ማሳየት የተሻለ ነው። ታኅሣሥ 19 የሚውለው የገብርኤል ንግሥም እንደዚሁ ከተማዋን ይሞላታል፤ በዚያ ሰሞን ግን አልጋ ማግኘት ይከብዳልና አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል።

አሁን ወደሚከፈልበት ልምጣ። ልጆችን ይዞ ለሚሄድ ሰው ገንዘብ ማውጣት የሚገባው ደኅንነት የሚገዛለት ቦታ ላይ ነው ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ዋና ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዚያ አለበት። ጥገኛ ተውሳኩ ዳር ዳሩን ባለው ሣር ውስጥ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ ውኃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ልጁ ሲወጣ ምንም አይታይበትም፤ ሕመሙ ቆይቶ በሆድና በጉበት ይመጣል። የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ ታይቶ «እነሱ ምን ሆኑ?» ማለት አያዋጣም፤ በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች በሽታው የተገኘባቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ልጆች መዋኘት ከፈለጉ የሆቴል ገንዳ ከፍሎ ማስገባት ገንዘብ ማባከን አይደለም። አልጋ ሳይዙ ለመዋኛው ብቻ የሚያስከፍሉ ሆቴሎች አሉና ጠይቁ። በተፈጥሮ ውኃ ካልዋኘን የሚሉ በመመለሻው መንገድ ላንጋኖ ጎራ ይበሉ፤ ቀለሙ ቡናማ ቢሆንም ለዋና የሚመረጠው እሱ ነው። ፍል ውኃ የሚወድ አያት አብሯችሁ ካለ ደግሞ ወንዶ ገነት ብዙም አይርቅም።

ሁለተኛው ጀልባ ነው። ጉማሬ ሳያይ መመለስ የሚፈልግ ልጅ የለም። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ፤ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተዳብሎ መከራየትም ይቻላል። ከዋጋው በፊት ግን አንድ ጥያቄ ይቅደም፤ በልጆቹ ልክ የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት አለ ወይ? የአዋቂ ጃኬት ለአምስት ዓመት ሕፃን አይሆንም፤ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ከላዩ ሾልኮ ይወጣል። ከሌለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ከሌላውም ከሌለ ጉማሬው ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ጉዞው ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነስቶ ሐይቁ ይናወጣል። ጉማሬው ዘንድ ሲደረስም «ጠጋ በልልን» እያሉ ባለጀልባውን መገፋፋት ይቅር፤ ጉማሬ ጀልባ መገልበጥ የሚችል እንስሳ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የቆመው ሐይቁ ደኅና ሲሆን፣ ዳርቻውም ለሰው ክፍት ሲሆን ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ከፍ ቢል 22 ሜትር አካባቢ ነው። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባው ቆሻሻ ሁሉ እዚያው ይቀራል ማለት ነው። እኛ እንግዶቹ የምንጥለው ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ከአባ ኮዳ አቅም በላይ ነው፤ እሱ የሚያነሳልን የዓሣ አንጀት ብቻ ነው። ልጆቻችን ምግብ የበሉበትን ቦታ አፅድተው እንዲነሱ ማድረግ የኛ የወላጆቹ ፋንታ ነው።

የቀረው የከተማዋ ፋንታ ነው። የሐዋሳ ዳርቻም በየዓመቱ አዲስ ግንባታ ይታይበታል። ሆቴል አይሠራ የሚል የለም፤ ከተማዋ የምትኖረው በእንግዳ ነው። ሆኖም የጎደሉት ነገሮች ውድ አይደሉም። ንጹሕ የሕዝብ መፀዳጃ ቤት፣ በተለይ ሕፃን ይዛ ለምትመጣ እናት። የመጠጥ ውኃ። የቆሻሻ ማጠራቀሚያ። ስለ ቢልሃርዚያ በሲዳምኛና በአማርኛ የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ። በበዓል ሰሞን ዳርቻውን የሚጠብቁ ዋናተኞች።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የከተማው አስተዳደር ኃላፊ ካለ፣ ቀጣዩ የሐይቅ ዳር ቦታ ለባለሀብት ከመተላለፉ በፊት በውኃውና በአጥሩ መካከል ማንም ሳይከፍል የሚያልፍበት የእግር መንገድ በፕላኑ ላይ ይሰመር። ውሉም ላይ ይጻፍ። ከታጠረ በኋላ ማስከፈት ከባድ እንደሆነ ሌሎች ከተሞቻችን አሳይተውናል።