የኮምፒውተር ጥግ፦ ሊኑክስ ከመጫናችሁ በፊት

የዊንዶውስ 10 ነጻ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካበቃ ወዲህ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ እንድንጭንላችሁ ትጠይቁናላችሁ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ቀስ እንበል።

ባለፈው ዓመት የአንድ ተማሪያችንን ኤስኤስዲ ስናጸዳ የእናቱ ፎቶ አብሮ ጠፋ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሳንጠይቀው ጀመርን። ኤስኤስዲ እንደ ድሮው ዲስክ አይደለም። ትሪም የሚባለው ትእዛዝ ካለፈበት በኋላ የተሰረዘውን መልሶ ማግኘት ብዙ ጊዜ አይሆንም።

ስለዚህ፦

1. ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃና የስደት ወረቀት ቅጂ ሁለት ቦታ ገልብጡ። መገልበጡንም ከፍታችሁ እዩ።

2. ላፕቶፑን ቻርጅ ሙሉት፤ መብራት መሀል ላይ ሊሄድ ይችላል።

3. ከፍላሽ ካስነሳችሁ በኋላ ዲስኮቹን በመጠናቸው ለዩ። ፍላሹ ሌላ፣ ኤስኤስዲው ሌላ ነው።

4. ላፕቶፑ ዩኢኤፍአይ ከሆነ ጂፒቲ ምረጡ። 512 ሜጋባይት ለማስነሻው በፋት32፣ ቀሪውን ለሊኑክስ በኤክስት4 አድርጉ።

ኡቡንቱ ከጫናችሁ ትሪሙን በየሳምንቱ ራሱ ይሠራዋል።

ተረቱ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል። ኤስኤስዲ ላይ ግን የፈሰሰ አይለቀምም። ቸር ይግጠመን።